ባላባቱና ቀይ ጢሙ

ስሙኝማ። አዲስ አበባ ላይ ድምፅ የሌላት መኪና የትራፊክ መብራት ጋ ከጎናችሁ ቆማ፣ አረንጓዴው ሲበራ እናንተ ገና ማርሽ ሳታስገቡ እሷ ስትፈተለክ አይታችሁ «አይ የዘንድሮ ሥልጣኔ!» ሳትሉ አትቀሩም። የዘንድሮ አይደለም። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሁለት ኤሌክትሪክ መኪኖች እልህ ነው፤ ነገሩ ሲጀመር የአድዋ ድል ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም።

ቦታው ፓሪስ አጠገብ ነው፤ አሼር ይባላል። የከተማዋ ፍሳሽ እየተለቀቀ በሚለማ የእርሻ ሜዳ መሃል አንድ መንገድ ያልፋል፤ ቀጥ ያለ፣ ሜዳማ፣ ዳገት የሌለው። ሽታውን እናንተው ገምቱት። ለሩጫ ግን ከእሱ የተሻለ አልተገኘም። «ላ ፍራንስ ኦቶሞቢል» የተባለ መጽሔት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 18 ቀን 1898 እዚያ ውድድር ጠራ። ደንቡ ቀላል ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ይለካል፤ ነጂው ከሩቅ ተንደርድሮ ይመጣና መነሻ መስመሩን ሲረግጥ ሰዓት ይያዝበታል፤ መጨረሻውን ሲያልፍ ይቆማል።

ያን ቀን ያሸነፈው ጋስቶን ደ ሻስሉ-ሎባ የሚባል ባላባት ነው። መኪናዋ ኤሌክትሪክ ናት፤ የሠራት ሠረገላ ሠሪው ዣንቶ። ኪሎ ሜትሯን በ57 ሰከንድ ጨረሳት፤ በሰዓት 63.15 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። በመኪና ፍጥነት መዝገብ ላይ መጀመሪያ የሰፈረው ቁጥር ይሄ ነው።

ታዲያ በዚያ ቀን ያልተገኘ አንድ ሰው ነበር። ካሚል ዤናትዚ ይባላል፤ ቤልጅጋዊ መሐንዲስ፤ ጢሙ እንደ በርበሬ የቀላ። ኋላ «ቀዩ ሰይጣን» የሚል ቅጽል ያወጡለት ለዚህ ነው። ከሳምንታት በፊት ሻንትሉ በተደረገው የዳገት ውድድር ድል አድርጎ ስለነበር፣ የባላባቱን ዜና ሲሰማ ዝም ብሎ መቀመጥ አልሆነለትም። «ና እንገናኝ» ብሎ በመጽሔቱ በኩል ጻፈለት። ነገሩ የክብር ብቻ አይምሰላችሁ። ዤናትዚም ዣንቶም ለፓሪስ ኤሌክትሪክ ታክሲ ይሠሩ ነበር፤ የፈጠነው መኪና ስም ገበያ ያመጣል።

ጃንዋሪ 17 ቀን 1899 ተገናኙ። ዤናትዚ ቀድሞ ሮጠ፤ 54 ሰከንድ። የባላባቱ ክብረ ወሰን ወደቀ። ግን ዤናትዚ ገና እስትንፋሱን ሳይሰበስብ ባላባቱ ተነሣ፤ 51.2 ሰከንድ! ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ሞተሩ ተቃጥሎ ነበር ይባላል፤ በመጣበት ግፊት መስመሩን አለፈ።

እልህ ምላጭ ያስውጣል። በአሥረኛው ቀን ዤናትዚ ተመልሶ መጣና 44.8 አደረገው፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር አለፈ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ የሁለቱን መኪኖች ነገር ሳንረዳ ብንሮጥ ቁጥር ብቻ ይዘን እንቀራለን። የዚያን ዘመን የቤንዚን ሞተር በእጅ ተዘውሮ፣ ተንቀጥቅጦ፣ ሙቀት ይዞ ነው ወግ የሚያገኘው። የኤሌክትሪኩ ግን ገና ከቆመበት ጉልበቱን ሁሉ ይሰጣል፤ ያቺ መብራት ጋ ጥላችሁ የሄደችው መኪናም ምሥጢሯ ይኸው ነው። ጣጣው ባትሪው ላይ ነው። የእርሳስ ባትሪ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ አብዝተህ ስትስበው ደግሞ ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ መንደርደሪያው ራሱ ዋጋ አለው፦ ካበዛኸው መስመሩ ላይ ደክመህ ትደርሳለህ፣ ካሳነስከው ፍጥነቱን ሳትይዝ ትገባለህ።

ሁለተኛው ጠላት ነፋስ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ነፋሱን ለመሰንጠቅ የሚጠይቀው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። ይህን ቀድሞ የባነነበት ባላባቱ ነው። ማርች 4 ቀን የዣንቶን መኪና አፍንጫዋን አሹሎ አመጣት። 38.8 ሰከንድ! በሰዓት 92 ኪሎ ሜትር ተሻገረ። እኔ ብጠየቅ ከሁሉም የምወደው ይህን ሩጫ ነው። ከራሱ የጃንዋሪ ሰዓት ላይ 12.4 ሰከንድ ነው የቀነሰው። ሁሉም የአፍንጫው ሥራ ነው አልልም፤ ሐሳቡን ግን አየሁለት።

ዤናትዚ የባላባቱን ሐሳብ ወስዶ እስከ ጥግ ገፋው። አሮጌ መኪና መጠገኑን ተወና ለዚህች አንዲት ኪሎ ሜትር ብቻ የምትሆን አዲስ አሠራ። እንደ ቶርፒዶ ከፊትም ከኋላም የሾለች፤ ቆዳዋ ፓርቲንየም የሚባል ከአሉሚኒየም የተቀየጠ ቀላል ብረት፤ ጎማዋ የሚሽሊን። ሁለት ሞተሮቿ የኋላ ጎማዎቹን በቀጥታ ያዞራሉ፤ ባንድ ላይ 68 የፈረስ ጉልበት ገደማ። ስሟንም «ላ ዣሜ ኮንታንት» አላት፤ «መቼም የማትረካ» እንደማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ያስቀኛል። ያን ሁሉ ተጨንቀው አሹለዋት ሲያበቁ ሰውየው የተቀመጠው ከላይዋ ነው! ከወገቡ በላይ፣ ከነጢሙ፣ ልክ ፈረስ ላይ እንዳለ ሰው ነፋሱ ፊት ተገትሯል። ከሥር ደግሞ ጎማዎቹና ብረታ ብረቱ ራቁታቸውን ናቸው።

ኤፕሪል 29 ቀን 1899 በዚያችው የአሼር መንገድ ለቀቃት። 34 ሰከንድ። በሰዓት 105.88 ኪሎ ሜትር። መኪና ላይ ሆኖ መቶን ሲያልፍ የሰው ልጅ የመጀመሪያው ነው። መኪናዋን በአበባ አንቆጠቆጧት፤ ፎቶዋ እስከ ዛሬ አለ፤ እሷም ራሷ ኮምፒየኝ ሙዚየም ውስጥ ቆማለች።

ሁሉም የባላባቱን መልስ ጠበቀ። መልስ አልመጣም። ቁጥሩ ሦስት ዓመት ያህል ማንም ሳይነካው ቆየና በኤፕሪል 1902 ኒስ ላይ ሊዮን ሰርፖሌ በእንፋሎት መኪና 120.8 ነድቶ ወሰደው። ኤሌክትሪክ ያን ክብረ ወሰን ዳግመኛ አላገኘውም።

በ1903 ባላባቱ ሞተ። በዚያው ዓመት ቀይ ጢሙ አየርላንድ ውስጥ የጎርደን ቤኔትን ዋንጫ ሲያነሣ የነዳው መርሴዲስ ነበር። በቤንዚን።