ከቅርንፉድ እስከ ሲሚንቶ፦ የጥርስ ሥር ማሸጊያዎች ታሪክ

በወንጪ ከፍታ የሚኖር ሰው ጥርሱን ሲያመው ቅርንፉድ ይነክሳል፤ ሕመሙ ሲጸናበትም ወደ አምቦ ወይም ወደ ወሊሶ ይወርዳል። ጥርሱ ሊነቀል፣ አለዚያም በሥር ቦይ ሕክምና ሊድን ይችላል። በዚህ ሕክምና የተበከለው ነርቭና የደም ሥር ይወጣል፣ ቦዩ ይጸዳል፣ ከዚያም ይታሸጋል። የማሸጊያው ጫፍ ሕያው የሆነውን የመንጋጋ ሕብረ ሕዋስ ስለሚጎራበት፣ ሰውነት ይቀበለው እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ጥያቄ ተገቢ ቦታውን ያገኘው ዘግይቶ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1867 አሜሪካዊው ሐኪም ቦውማን ጉታ ፐርቻ የተባለውን የዛፍ ሙጫ ለቦይ መሙያነት አዋለ። ሙጫውን ሕብረ ሕዋስ ይታገሠዋል፤ ነገር ግን ከቦዩ ግድግዳ ጋር ስለማይጣበቅ ተጨማሪ ማሸጊያ ያሻዋል። ሉዊስ ግሮስማን በ1936 ዱቄትን ከዩጂኖል ጋር ያዋሐደ ማሸጊያ አቀረበ። ዩጂኖል የቅርንፉድ ዘይት ዋነኛ ክፍል ሲሆን፣ ሕመም ቢያስታግሥም ሳይዋሐድ የቀረው ሕዋሳትን ያስቆጣል።

በ1950ዎቹ የስዊዘርላንዱ ሳርጀንቲ ፓራፎርማልዲሃይድ ያለበትን ኤን ቱ የተባለ ቅባት አስተዋወቀ። ዓላማው የተረፉትን ጀርሞች መግደል ነበር፤ ጀርም የሚገድለው ግን ሕያው ሕዋስንም አይምርም። ቅባቱ ከሥሩ ጫፍ አልፎ የታችኛውን መንጋጋ ነርቭ ባገኘ ጊዜ ዘላቂ የከንፈር መደንዘዝና ሕመም ያስከተለባቸው ሕሙማን ነበሩ።

በ1965 ካኬሃሺና ባልደረቦቹ ከጀርም ነፃ ሆነው ባደጉ አይጦች ላይ የጥርሱን ነርቭ ገልጠው ቢተዉት ቁስሉ መዳኑን አሳዩ። ዋናው ነገር የመድኃኒቱ ኃይለኝነት ሳይሆን ጀርምን ማጽዳትና መግቢያውን መዝጋት መሆኑ ከዚህ ይበልጥ ግልጽ ሆነ።

በ1993 ቶራቢነጃድና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ኤም ቲ ኤ የተባለውን ማሸጊያ አስተዋወቁ። መሠረቱ ፖርትላንድ ሲሚንቶ ነው፤ ይኸውም ከአምቦ በስተሰሜን ምሥራቅ በሙገር ፋብሪካ ከ1984 ጀምሮ የተመረተው ዓይነት ነው። ከውኃ ጋር ሲዋሐድ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ያመነጫል፤ በአጠገቡም አዲስ ጠንካራ ሕብረ ሕዋስ ይበቅላል። ሆኖም የግንባታ ሲሚንቶ በውስጡ ያሉት እንደ አርሴኒክ ያሉ ንጥረ ነገሮች ለሕክምና ስላልተመጠኑ ፈጽሞ በጥርስ ላይ ሊውል አይገባም።

ከወንጪ የመጣ ታካሚ በቀላሉ ተመልሶ አይመጣም። ስለሆነም ማሸጊያ የሚገዛ ተቋም ፓራፎርማልዲሃይድ ያለበትን ይተው፤ ሐኪሙም የተጠቀመበትን ማሸጊያ ስም በታካሚው ካርድ ላይ ይጻፍ።