«ልጅ ነው» ተብሎ የታለፈ ማስረጃ፦ ሕፃናትና ሳቅ በወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ

የደቡብ ሱዳንን ዋና ከተማ ጁባን መቼት አድርጎ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ለመጻፍ የተነሣ ደራሲ ከሁሉ በፊት የሚገጥመው የቋንቋ ጉዳይ ነው። የመንግሥትና የትምህርት ቤቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ የገበያውና የመንገዱ ደግሞ የጁባ ዐረብኛ። በየቤቱ ባሪ፣ ዲንካ፣ ኑዌር፣ ዛንዴና ሌሎችም ይነገራሉ። ሱቅ ወይም ምግብ ቤት የከፈተው ኢትዮጵያዊም ከደንበኛው ጋር የሚግባባው እዚያው በለመዳት የጁባ ዐረብኛ ነው። በእነዚህ ሁሉ መካከል ሳይቸገር የሚመላለሰው ልጅ ነው፤ ይላካል፣ ይተረጉማል፣ የአንዱን ቤት ወሬ ሌላው ቤት ያደርሳል። በእንዲህ ያለ ከተማ ብዙ የሰማ፣ ግን ማንም የማይጠይቀው ምስክር እርሱ ነው። ከዚህ ተነሥቼ የምከራከርለት ሐሳብ ይህ ነው፦ በምርመራ ልብ ወለድ ውስጥ ልጅ የሚፈጥረው ሳቅ ታሪኩን ለማጣፈጥ የተነሰነሰ ቅመም አይደለም፤ ማስረጃ የሚደበቅበት ጓዳ ነው። አንባቢ የሳቀበትን ንግግር መልሶ አይመዝንም። ይህ የሚሆነው ግን ልጁ በእርግጥ ልጅ ሲሆን ብቻ ነው፤ እንደ ሽማግሌ የሚናገር ሕፃን አንባቢውን ያነቃዋል፣ ጆሮውን ያስቀስረዋል።

ጠንካራው ማስረጃ አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1949 ያሳተመችውና ራሷም ከምትወዳቸው ሥራዎቿ መካከል የቆጠረችው «ክሩክድ ሃውስ» ነው። ሀብታሙ አያት ተመርዘው ይሞታሉ፤ የልጅ ልጃቸው ጆሴፊን በየበሩ ጆሮዋን እየለጠፈች የሰማችውን በማስታወሻ ደብተር ትጽፋለች፤ ፖሊሶቹን ትንቃለች፤ በመርማሪ ታሪኮች ደንብ መሠረት አሁን ሁለተኛው ግድያ መምጣት አለበት ብላ ታስረዳለች። አንባቢ ይስቃል፤ እንዲህ ያለች ነገረኛ ልጅ በየሰፈሩ አለችና። ገዳይዋ ግን እርሷው ናት፤ ምክንያቷም አያቷ የባሌ ዳንስ እንዳትማር መከልከላቸው ነው። እዚህ ላይ የክሪስቲ ብልሃት ሊስተዋል ይገባል። ጆሴፊን ብዙ አልደበቀችም። ብዙ እንደምታውቅ ስትፎክር ነው የቆየችው፤ የሸሸጋት የእኛ ሳቅ ነው። ምክንያቱ ራሱ ልጅነቱን አለመልቀቁ ደግሞ ፍጻሜውን አሳማኝ ያደርገዋል። ለውርስ የምትገድል የ12 ዓመት ልጅ ብትሆን ኖሮ የደራሲዋ አሻንጉሊት መሆኗ ወዲያው በታወቀ ነበር።

ከዚህ የሚወጣው መለኪያ ንጽሕና አይደለም፣ ጥቅም ነው። እውነተኛ የሚመስል ልጅ የራሱ ጉዳይ አለው፤ ጉዳዩ ለአዋቂው ኢምንት፣ ለእርሱ ግን የሞት የሽረት ነው። ኤሪክ ኬስትነር በ1929 ባሳተመው «ኤሚልና መርማሪዎቹ» ውስጥ ኤሚል በባቡር ላይ ሳለ 140 ማርክ ሲሰረቅ ለፖሊስ አያመለክትም። በትውልድ ከተማው የቆመን ሐውልት ቀለም ስለቀባ እርሱ ራሱ የሚታሰር ይመስለዋል። አስቂኝ ፍርሃት ነው፤ ነገር ግን መላው ታሪክ የቆመው በእርሱ ላይ ነው፤ የበርሊን ልጆች ተሰባስበው ሌባውን የሚከታተሉት ከዚህ የተነሣ ነው። በመጨረሻ ሌባውን የሚያስይዘው ማስረጃም ከልጅ ጥንቃቄ የመጣ ነው፦ ኤሚል ገንዘቡ እንዳይጠፋበት ከኮቱ ጋር በመርፌ ወግቶት ነበርና በገንዘብ ኖቶቹ ላይ ቀዳዳ ተገኘ። ያሳቀን ነገርና ወንጀሉን ያረጋገጠው ነገር አንድ ሆኑ።

የአማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ሊያስታውስ ይችላል። አንደኛው «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው ተረት ነው፤ ልጅ ከሥራም ከምስክርነትም የሚገፋበትን ልማድ ባጭሩ ይዞታል። ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ የሚመስለው የሌባ ሻይ ሥርዓት ነው። በመንግሥት ተከልክሎ እስኪቀር ድረስ በኢትዮጵያ ሌባ ፍለጋ ለልጅ ይሰጥ ነበር፦ ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይጠጣል፣ ባለሙያው ወገቡ ላይ በታሰረ ገመድ ይዞ ይከተለዋል፣ ልጁ ገብቶ የተኛበት ቤት ባለቤት የጠፋውን ይከፍላል። እንግዲህ ልጅ ታምኗል ሊባል ነው? እኔ እንደማየው አልታመነም። የታመነው ባዶነቱ ነው፤ አእምሮውና ፈቃዱ ከተወሰዱ በኋላ የቀረው አካሉ ነው የመሰከረው። ሌባ ሻይ አያስቅም፤ የራሱ ጉዳይ የሌለው ልጅ ሊያስቅ አይችልምና። ብዙ ደካማ የምርመራ ልብ ወለዶችም ሳያውቁት ይህንኑ ልጅ ይደግማሉ፤ ትልልቅ ዐይኖች ያሉት፣ ዝምተኛ፣ ልክ በሰዓቱ እውነትን የሚጠቁም ሕፃን።

ከአለን ብራድሊ ሥራዎች የሚነሣ ተቃውሞ አለ። በ2009 የጀመረው የፍላቪያ ደ ሉስ ተከታታይ መጽሐፍ ጀግና 11 ዓመቷ ሲሆን የኬሚስትሪ ዕውቀቷ ግን የሊቅ ነው፤ ይህ ከእውነታ የራቀ ነው፣ ሆኖም ያስቃል ይባላል። ዕውቀቷ ከዕድሜዋ በላይ መሆኑን እቀበላለሁ። ነገር ግን በዚያ ዕውቀት ምን እንደምትሠራበት ይታይ፤ ቆዳ የሚያሳክክ ቅጠል ጨምቃ ከታላቅ እህቷ ሊፒስቲክ ውስጥ ትጨምራለች። ሙያው የአዋቂ፣ ቂሙ የልጅ ነው፤ ሳቁ የሚመጣው ከቂሙ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ከጁባ ራሷ የሚመጣው ነው። በታኅሣሥ 2013ና በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. በጎዳናዎቿ ጦርነት በተካሄደባት ከተማ፣ ሕፃናት የሞቱባትና የተበተኑባት አገር ዋና ከተማ ላይ፣ በልጅ አፍ ማሳቅ ነውር አይሆንም ወይ? ጥያቄው በቀላሉ አይታለፍም። ሆኖም የዚሁ ምድር ልጆች ታሪክ ሳቅን አላገለለም። ዴቭ ኤገርስ በቫለንቲኖ አቻክ ዴንግ ሕይወት ላይ ተመሥርቶ በ2006 ባሳተመው «ዋት ኢዝ ዘ ዋት» ውስጥ፣ ወደ ኢትዮጵያ በእግራቸው ከሚጓዙት ልጆች አንዱ ዊሊያም ኬ ውሸታም ነው። የሚያወራው ግነት ያስቃል፤ እርሱ በመንገድ ላይ ሲሞት አንባቢ የሚያጣው ያንን ድምፅ ነው። መጽሐፉ የምርመራ ልብ ወለድ አይደለም። ዲፓ አናፓራ በ2020 ያሳተመችው «ጂን ፓትሮል ኦን ዘ ፐርፕል ላይን» ግን ነው። ልጆች በሚጠፉበት የሕንድ የድሆች ሰፈር የዘጠኝ ዓመቱ ጄይ በቴሌቪዥን ባያቸው የፖሊስ ፕሮግራሞች ተማምኖ መርማሪ ነኝ ይላል፤ ከእርሱ ይልቅ የምታስተውለው ጓደኛው ፓሪ መሆኗን ሁሉም ያያል፣ እርሱ ብቻ አይቀበልም። ሳቁ የሚቆመው የገዛ እህቱ ሩኑ ስትጠፋ ነው፤ ሳትገኝም መጽሐፉ ያልቃል። አናፓራ በሐዘን ላይ አልሳቀችም። ፖሊሶቹ የድሃ ልጆችን መጥፋት ሲንቁ እኛም በጄይ እየሳቅን በቀላሉ ያለፍነው ነገር እንደነበረ አሳየችን።

ለጁባ የሚሆነውን በምሳሌ ላስቀምጥ። ብዙ ቤቶች ውኃ የሚገዙት በቦቴ ከሚያዞሩ ነጋዴዎች ነው። አንድ ልጅ ለጎረቤት በጀሪካን ውኃ ይቀዳል እንበል፤ ሌሊት በሰፈሩ ሰው ተገድሎ ጠዋት ፖሊስ ግቢውን ሲሞላው ልጁ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ይጮኻል፦ ሁልጊዜ ሦስት ጀሪካን፣ ትናንት ማታ ግን ስምንት አመላልሷል፤ የተከፈለው የሦስቱ ብቻ ነው። ክሱን በባሪ ለአያቱ፣ በጁባ ዐረብኛ ለፖሊሱ፣ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛው ለሹሙ ይደጋግመዋል፤ አያቱ ያፍራሉ፣ ፖሊሱ ይስቃል፣ ሹሙ ከመንገድ ያስወጣዋል። ያ ቤት በሌሊት ምን ሲያጥብ እንዳደረ የሚጠይቅ የለም። ልጁ መርማሪ መሆን አላማረውም፤ ስለ ሟቹም አላሰበም፤ የሚፈልገው የአምስት ጀሪካን ዋጋ ነው። ደራሲው ይህን ልጅ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ያንኑ ሒሳብ ሲጠይቅ ካቆየው፣ ገዳዩ በተያዘ ማግሥት እንኳ ልጁ እበሩ ላይ ቆሞ አምስቱን ይቆጥራል።