አውራጅ ጀልባ

ከገራዶ ማሳ የተነሳ እህል ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሲደርስ ጫኝና አውራጅ ይጠብቀዋል። የአይሱዙው ስፖንዳ ይከፈታል፣ ኩንታሉ ይወርዳል፣ መኪናው ወደ መጣበት ይመለሳል። ላንዲንግ ክራፍት የሚባለው የባሕር ኃይል ጀልባም ሥራው ይኸው ነው፤ የሚያወርደው ግን እግረኛ ወታደር፣ መኪናና ታንክ ሲሆን፣ የሚያወርድበትም ወደብ በሌለው ባሕር ዳርቻ ነው። በአማርኛ «አውራጅ ጀልባ» ብንለው ጫኝና አውራጅን የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። «የማረፊያ ጀልባ» የሚል አማራጭ ሊመጣ ይችላል፤ እሱ ግን መዝናኛ ያስመስለዋል። ታንኮችን የሚጭነው ትልቁ ዓይነት ደግሞ «አውራጅ መርከብ» ይባል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የጀልባው ሆድ ጠፍጣፋ በመሆኑ ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ይሄዳል። አፍንጫው አሸዋው ላይ እስኪወጣ ይነዳል፤ የፊት በሩ ወደ ፊት ይወድቅና መረማመጃ ይሆናል፤ የተጫነው ሁሉ በዚያ ይወጣል። ለመመለስ ሞተሩ ወደ ኋላ ይነዳል። ትልልቆቹ ዳርቻው ሳይደርሱ ከኋላ መልሕቅ ይጥላሉ፤ ሲመለሱ ገመዱን እየጠቀለሉ ራሳቸውን ከአሸዋው ይጎትታሉ።

ይህ ጀልባ ባልነበረበት ዘመን ጦር ማውረድ ምን ያህል ያደክም እንደነበር የወሎ ሰው ከራሱ ታሪክ ያገኘዋል። ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ከሕንድ የተነሳው የእንግሊዝ ጦር ቀዳሚ ክፍል በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ቀይ ባሕር ዳርቻ ያለችው ዙላ ደረሰ። ወደብ አልነበረም። ውኃው ከዳር ጥልቀት ስለሌለው ትልልቆቹ መርከቦች ርቀው ቆሙ፤ ጭነቱ በትንንሽ ጀልባ ተመላለሰ። እንግሊዞቹ ባሕሩ ላይ የመርከብ መቆሚያ ሠሩ፣ ከዚያም የባቡር ሐዲድ ዘረጉ፣ የሚጠጣ ውኃም ከባሕር ውኃ እያፈሉ አጠለሉ። መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ሳይቀሩ ወረዱ። በበቅሎዎቹ ላይ ግን ጥማትና በሽታ በረታና በሺህ የሚቆጠሩ አለቁ። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ናፒየር መቅደላን የያዘው ሚያዝያ 6 ቀን ነው። ስድስት ወር ከፈጀው ዘመቻ ትልቁን ድርሻ የበላው ውጊያው ሳይሆን ማውረዱና ማጓጓዙ ነበር።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጋሊፖሊ ላይ (እ.ኤ.አ. 1915) ብዙ ወታደር በተከፈተ የመቅዘፊያ ጀልባ ወርዶ በመትረየስ ረገፈ። የፊት በር ያለውን ጀልባ ቀድመው በስፋት ለውጊያ ያዋሉት ጃፓኖች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ሻንጋይ ላይ አንድ አሜሪካዊ መኮንን ፎቶግራፍ አነሳው። ከዚያ በኋላ የኒው ኦርሊንሱ ጀልባ ሠሪ አንድሪው ሂጊንስ 11 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ 36 ወታደር የሚይዝ፣ የፊት በር ያለው የእንጨት ጀልባ ሠራ። ከ20 ሺህ በላይ ተመረተ፤ ኖርማንዲ ላይ እ.ኤ.አ. ሰኔ 6 ቀን 1944 ወታደር ካወረዱት ጀልባዎች አንዱ እሱ ነው።

ድክመትም አለው። ታራዋ በተባለችው የፓስፊክ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1943 ባሕሩ እንደታሰበው ሳይሞላ ቀረና ጀልባዎቹ ከዳርቻው ርቀው ኮራል ድንጋይ ላይ ተቀረቀሩ። ወታደሮቹ በውኃ ውስጥ በእግር ሲሄዱ ተመቱ። ለዚህ መሣሪያ የባሕሩን መሙላትና መጉደል ማወቅ ከጥይት ብዛት ያላነሰ ዋጋ አለው።

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይልም በደርግ ዘመን አውራጅ መርከብ ነበረው። ከሶቪየት ኅብረት ያገኛቸው ሁለቱ የፖልኖክኒ ዓይነት ናቸው፤ ይህ ዓይነት ፖላንድ ውስጥ ግዳንስክ ከተማ ይሠራ የነበረ ሲሆን አንዱ ወደ ስድስት ታንክ ይጭናል። በርካታ ደሴት ላለው የዳህላክ ባሕር እንዲህ ያለ መርከብ ቅንጦት አልነበረም። ምጽዋ በ1982 ዓ.ም. የካቲት ከእጅ ወጣች፤ በ1983 ዓ.ም. ግንቦት የደርግ መንግሥት ሲወድቅ የባሕር ኃይሉ መርከቦች ወደ የመንና ሌሎች ጎረቤት ወደቦች ሸሹ። ጅቡቲ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1996 በወደብ ክፍያ ዕዳ ለሐራጅ ቀረቡ።

ኢትዮጵያ ባሕር ኃይሏን ዳግም ለማቋቋም በ2011 ዓ.ም. መጋቢት ከፈረንሳይ ጋር የመከላከያ ስምምነት ተፈራርማለች።