የሰው ገንዘብ ይዞ ገበያ መውጣት፦ የድካም ዋጋ ከየት መጣ?

ዛሬ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ከተማሪዎቼ አንዷ ሥራዋ ለሰው መግዛት ነው። ሽሮ ሜዳ ወጥታ የሐበሻ ቀሚስ፣ መርካቶ ወርዳ የቤት ዕቃ ትገዛና ጊዜ ለሌለውም፣ ውጭ አገር ላለውም ታደርሳለች። ሰሞኑን «ቲቸር፣ ስንት ላስከፍል? ከፍ ሳደርገው ሌባ እባላለሁ፣ ዝቅ ሳደርገው ለታክሲ አይበቃኝም» ብላ ጻፈችልኝ። እኔ የታሪክ አስተማሪ እንጂ ነጋዴ አይደለሁም። ጥያቄው ግን ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ስለሆነ እስቲ በእኔው መንገድ ልሞክረው።

ከራሳችን እንጀምር። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስ የደረሰው ግሪክኛ ጸሐፊ ኮስማስ ስለ አክሱም ንጉሥ የወርቅ ግዢ ጽፎልናል። ንጉሡ በአገው አገር ገዢ በኩል ሰዎቹን አንድ ዓመት እየዘለለ ሳሱ ወደሚባል አገር ይልካል። ከእነሱ ጋር የሚጓዘው ነጋዴ ከ500 ይበልጣል። እዚያ ሲደርሱ በእሾህ አጥር ይከልላሉ፣ በሬ ያርዳሉ፣ ሥጋውን፣ ጨውና ብረቱን አጥሩ ላይ ያስቀምጣሉ። የአገሬው ሰው መጥቶ በፈለገው ላይ ወርቁን አኑሮ ዞር ይላል። ባለዕቃው ከተስማማው ወርቁን ያነሳል፣ ካልተስማማው አይነካውም። ያኔ ያ ሰው ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። ቋንቋ ስለማይግባቡ ክርክር የለም።

እኔን የሚገርመኝ ዝምታው ሳይሆን የንጉሡ ነገር ነው። ንጉሡ ራሱ እዚያ የለም። የተላከው ሰው ምን ሰጥቶ ምን እንደተቀበለ በምን ያውቃል? እንደ እኔ ንባብ መልሱ ሕዝቡ ነው። ግዢው የሚፈጸመው በጓዳ ሳይሆን በአደባባይ፣ ከ500 በላይ ሰው እያየ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፦ ስለ ክፍያ ከመነጋገር በፊት የዕቃው ዋጋ ይታይ።

ወደ ካይሮ እንሻገር። ፉስጣጥ ውስጥ በቤን ዕዝራ ምኩራብ ከተገኙት የድሮ ወረቀቶች መካከል ብዙ የ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነጋዴዎች ደብዳቤ አለ። አንዱ ከግብፅ፣ ሌላው ከቱኒዚያ ወይም ከሲሲሊ ሆነው «ይህን ግዛልኝ፣ ያንን ሽጥልኝ» ይባባላሉ። ብዙ ጊዜ ለዚህ ድካም ኮሚሽን የሚባል አይከፈልም። ነጻ ነበር ማለት ግን አይደለም። ዛሬ እኔ እዚህ ስገዛልህ ነገ አንተ እዚያ ትገዛልኛለህ፤ ሒሳቡ በውለታ ይወራረዳል። አደራ የበላ ደግሞ ስሙ በደብዳቤ ከከተማ ከተማ ይዞራል።

እኛም ይህንን እናውቀዋለን። «ከዱባይ ስትመለሺ አንዲት ነገር ያዥልኝ» የሚባለው እኮ ይኸው ነው! ውለታው የሚሠራው ግን ሁለቱም ወገን መላላክ ሲችል ብቻ ነው። አንዷ ሁልጊዜ ገዢ፣ ሌላዋ ሁልጊዜ ተቀባይ ከሆነች ውለታ መሆኑ ይቀራል፤ በይሉኝታ የተሸፈነ ነጻ ጉልበት ይሆናል።

ሦስተኛው አሜሪካ ነው። በፊላደልፊያ ይታተም የነበረው የጎዲ የሴቶች መጽሔት በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሩቅ ለሚኖሩ ሴቶች ልብስና ጌጣጌጥ ገዝቶ የመላክ አገልግሎት ነበረው። ሥራውን የያዘችው የፋሽን ክፍሉ አዘጋጅ ናት። ደንቦቿን ሳነብ ትናንት ቴሌግራም ላይ የተለጠፉ መሰለኝ፦ ገንዘቡ አስቀድሞ ካልደረሰ ትእዛዝ አይታይም። የሴትዮዋ ቁመትና የቆዳዋ ቀለም ይጻፍ፣ ምርጫው በዚያ ላይ ይወሰናልና። የተገዛ ዕቃ አይመለስም። ክፍያዋም ትንሽ ፐርሰንት ሆኖ፣ ምክንያቱ በግልጽ ተነግሯል፦ ለሚወስደው ጊዜና ለፍለጋው።

ፐርሰንት ግን መዘዝ አለው። በጎዲ ዘመን አንዳንድ ትልልቅ መደብሮች ዋጋን ቁርጥ ማድረግ ጀምረው ነበር። ዋጋው ቁርጥ ከሆነ ፐርሰንት ብዙ አይጎዳም። ሽሮ ሜዳ ግን ክርክር አለ። በ10 ፐርሰንት ትሠራለች እንበል። ቀሚሱን በ4,000 ብር ብትገዛ 400 ታገኛለች። ተከራክራ በ3,000 ብትገዛው 300። ለደንበኛዋ 1,000 ብር ስላዳነች 100 ብር ተቀጣች ማለት ነው! ሰውየው ሌባ ባይሆን እንኳ ክፍያው ወደ ስንፍና ይገፋዋል።

ሕጋችንም ይህን ጉዳይ አልረሳውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውክልና ሲደነግግ፣ ወኪል ለወካዩ ጥቅም ብቻ ይሥራ፣ ወካዩ ሳያውቅ ከግዢው ለራሱ ጥቅም አያግኝ ይላል። በሌላ በኩል፣ በውሉ ክፍያ ባይወሰንም ሥራው ሙያው ለሆነ ወኪል ወይም ልማድ በሆነበት ቦታ ክፍያ እንደሚገባ ይቀበላል። ስለዚህ «ከዋጋው ላይ ትንሽ ጨመር አድርጎ መያዝ» ብልጠት አይደለም። «ጓደኛዬ ነሽ፣ ምን ክፍያ አለው» ማለትም ሁልጊዜ ትክክል አይደለም።

እንግዲህ ይህን ሥራ ለያዛችሁ፣ ከታሪኩ የማወጣው ይህ ነው፦

1. የዕቃው ዋጋና የድካማችሁ ዋጋ ለየብቻ ይጻፉ። ደረሰኝ ካለ ደረሰኙን፣ ከሌለ የባለሱቁን ሒሳብ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ።

2. ክርክር ባለበት ገበያ ቁርጥ የድካም ዋጋ ይሻላል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ በቀን አራት ትእዛዝ ትጨርሳላችሁ፣ ለትራንስፖርትና ለስልክ 400 ብር ይወጣል፣ ለጉልበታችሁ 1,000 ብር ትፈልጋላችሁ እንበል። 1,400 ለአራት ሲካፈል 350 ብር። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፣ የራሳችሁን አስገቡ።

3. ዕቃው ባይገኝም የፍለጋው ድካም አለ። ለዚያ ስንት እንደሚከፈል ገበያ ሳትወጡ ተነጋገሩ።

4. ለእናትና ለእህት በነጻ መግዛት ያለ ነው። ግን በነጻ መሆኑን ወስናችሁ አድርጉት፤ በኋላ በሆዳችሁ አትቁጠሩት።

ለምታስገዙ ወዳጆቼም አንድ ነገር ልበል። ለግዢ የላካችኋት ልጅ ድካሟን በግልጽ ስትጠይቃችሁ «ተወደደ» ከማለታችሁ በፊት ሌላውን አማራጭ አስቡ። ድካሟ በግልጽ ካልተከፈለ፣ ወይ ከኪሷ ይወጣል ወይ ዕቃው ዋጋ ውስጥ ይደበቃል። በሁለቱም መንገድ የሚጎዳው መተማመናችሁ ነው።

እናንተስ እንዴት ነው የምትከፍሉት? በፐርሰንት፣ በቁርጥ ወይስ በ«እግዜር ይስጥልኝ»? ኮሜንት ላይ እንወያይ።