የሰጪና የተቀባይ ማኅበር ቃል ኪዳን፤ ከመንዝና ከመርሐ ቤቴ ታሪክ

ሰው ለሰው መስጠቱ ከጥንት የነበረ ልማድ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ለአንድ ድኻ የሰጠ እንደ ሆነ ነገሩ በሁለቱ መካከል ያልቃል፤ ባለጠጋ ወይም መንግሥት ለአንድ ማኅበር የሰጠ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ገና ይጀምራል እንጂ አያልቅም። ማኅበር የራሱ አለቃ፥ የራሱም ሥርዓት አለው። ስለዚህ የሌላ ሰው ገንዘብ ወይም መሬት በገባበት ጊዜ፥ የማኅበሩ አለቃ የሚታዘዘው ለመረጡት ሰዎች ነውን ወይስ ለሰጠው ጌታ? የሚል ጥያቄ አብሮ ይገባል። ይህ ጥያቄ በሰሜን ሸዋ ደጋ፥ በመንዝና በግሼ በመርሐ ቤቴም በየዘመኑ ምን መልስ እንዳገኘ መመርመር ለዛሬው ሰው ይጠቅማል።

በቀድሞው ዘመን ትልቁ ሰጪ ንጉሥ ነበረ። የሸዋ ነገሥታት ዘር ከመንዝ እንደ ተነሣ የታወቀ ነው፤ ነገሥታቱና መኳንንቱም ለአብያተ ክርስቲያናት ጉልት ይሰጡ ነበር። ጉልት ማለት የመሬቱን ግብር የመብላት መብት ነው። የሚያርሰው ባለርስት ከአባቱ ርስት አይነቀልም፤ ግብሩን ግን ለባለጉልቱ ያገባል። ካህኑና ደብተራው በዚያ ድርሻ እየኖሩ ቤተ ክርስቲያኑን ያገለግላሉ፤ ሰጪውም በጸሎት ይታሰባል። ሰጪው የሚፈልገው፥ ተቀባዩም የሚከፍለው አስቀድሞ የተለየ ስለ ነበረ፥ የዚህ ስጦታ ቃል ኪዳኑ ግልጥ ነበረ። ጉድለቱ ግን ሁለት ነው። አንደኛው፥ በንጉሥ ቃል የተተከለ በሌላ መንግሥት ቃል ሊነቀል ይችላል። ሁለተኛውም፥ ግብሩን በላቡ የሚከፍለው ገበሬ በስምምነቱ ውስጥ ቃል አልነበረውም።

በዚያው በመንዝ ግን ከማንም ሰጪ ያልተቀበለ ሌላ ማኅበር ነበረ፤ እርሱም የጓሳ ጠባቂዎች ማኅበር ነው። ጓሳ በጌራ ምድር ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተዘረጋ፥ ስፋቱ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ውርጫም አምባ ነው። ስሙን ያገኘው ከሚበቅልበት ሣር ነው፤ ሣሩ ለቤት ክዳን፥ ለገመድና ዝናም ለሚከላከለው ገሳ ይሆናል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል፤ ጅብራም ይበቅልበታል። የአገሩ ትውፊት እንደሚለው አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አባቶች ምድሩን ተካፈሉ፤ ከ17ኛው ምእት ዓመት ጀምሮም ዘሮቻቸው ቀሮ በተባለ ሥርዓት ጠበቁት። የየወገኑ ሰዎች አባ ቀራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ። አምባው ሣሩ እስኪያድግ ሦስት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም አምስት ዓመት ይዘጋል። ሣሩ መድረሱን አለቃው አይቶ የመክፈቻውን ቀን ሲያስነግር ባለመብቱ ሁሉ ገብቶ ያጭዳል፤ ሕጉን የተላለፈም በብርቱ ይቀጣል። ለጥበቃው ደመወዝ አልነበረም፤ ጥበቃው የርስት ግዴታ ነበረና። የሚበላው የሚጠብቀው ራሱ ስለ ሆነ ሒሳብ የሚጠይቅ ባዕድ አላስፈለገም። ነገር ግን ይህም ሥርዓት ያለ ነውር አልነበረም፤ ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልተቈጠረ ጎረቤት ከደጅ ቆሞ ያይ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው ዐዋጅ ወጣ። በዚያ ቀን ጉልትም ቀሮም መሠረታቸውን አጡ። የሁለቱ ዕጣ ግን አንድ አልሆነም። ቤተ ክርስቲያን መሬቷን ብታጣም፥ በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ የሰበካ ጉባኤ ተመሥርቶ ነበርና፥ አጥቢያዋ በምእመናኑ መዋጮ መኖርን ተማረ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፥ አንድ ንጉሥ የሰጠው ቢጠፋ ብዙዎች ጥቂት ጥቂት ሰጥተው ቦታውን ሞሉት። በጓሳ ግን አሮጌው ሕግ ሲሻር በእርሱ ፋንታ የሚቆም ሕግ ቶሎ አልተገኘም፤ ስለዚህ ሣሩና ቁጥቋጦው ያለ ጊዜው ተቈረጠ።

ከዚህ በኋላ አዲስ ዓይነት ሰጪ መጣ፤ እርሱም ከባሕር ማዶ ነው። ካርልሃይንዝ በም የተባለው የሲኒማ ተዋናይ ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርቦ፥ ከሦስት ተመልካቾች አንዱ እንኳ ለተራበው አፍሪካዊ አንድ ማርክ አይሰጥም ብሎ ተወራረደ። ከሦስት አንዱ ባይሰጥም ከአንድ ሚሊዮን ማርክ የሚበልጥ ገንዘብ ተሰበሰበ፤ በዚያው ዓመተ ምሕረት መለወጫ ማግሥት፥ በ1974 ዓ.ም.፥ ሰዎች ለሰዎች የተባለው ድርጅት ተመሠረተ። ሥራው በሐረርጌ በኤረር ሸለቆ ተጀምሮ በ1980ዎቹ አጋማሽ ግድም በጀማና በወንጪት ወንዞች መካከል ወዳለችው መርሐ ቤቴ ደረሰ። መንገድ፥ ትምህርት ቤትና የውኃ ጕድጓድ ተሠራ፤ በዓለም ከተማም እናት ሆስፒታል ቆመ። ድርጅቱ ሥራውን ፈጽሞ ለአገሩ ሰዎች ለማስረከብ ከመጀመሪያው አስቦ ገባ። ከዚያው ዘመን አንሥቶም በሙኒክ አጠገብ ያለችው የፋተርሽቴተን ከተማ ሰዎች ከዓለም ከተማ ጋር የወዳጅነት ማኅበር አቁመዋል። ሰጪ የመሄጃውን ቀን አስቀድሞ ማሰቡ ትልቅ ጥበብ ነው። ሆኖም ሰጪው በሄደ ጊዜ ለፓምፑ መለዋወጫ የሚያዋጣ፥ ቁልፉንም የሚይዝ ማኅበር ከሌለ፥ የተሠራው ሁሉ ባለቤት እንደሌለው ቤት ይፈርሳል።

ጓሳም ሰጪ አገኘ። በ1990ዎቹ ዓመታት ስለ ቀሮ ሥርዓት በተደረገው የዘለዓለም ተፈራ ጥናት የአሮጌው ሕግ ዋጋ በዓለም ታወቀ፤ ከዚያ በኋላ በ1858 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የፍራንክፈርት የእንስሳት ጥናት ማኅበር ለመንዝ ሰዎች ድጋፍ ሰጠ። አምባው በሕዝብ የሚጠበቅ ስፍራ ሆኖ በክልሉ መንግሥት ታወቀ፤ የእንግዳ ማረፊያም ተሠራበት። በዚህ ጊዜ መብቱ በዘር ቈጠራ ሳይሆን በአካባቢው በመኖር ሆነ፤ ስለዚህ የቀድሞው ነውር ታረመ።

ነገር ግን ሌላ ፈተና ተተካ። ሰጪው ቀይ ቀበሮው እንዲኖር ይሻል፤ ገበሬው ሣሩን ይሻል። ሁለቱ ፈቃድ ዛሬ በአንድ መንገድ ይሄዳል፤ ሣሩ ከተጠበቀ ቀበሮውም ይጠበቃልና። በድርቅ ዓመት ግን በጎች ሲራቡ ሁለቱ ፈቃድ ሊለያይ ይችላል። ያን ጊዜ ኮሚቴው ወደ ማን ያያል? ደግሞም የአባቶች ግዴታ የነበረው ጥበቃ በሰጪ ገንዘብ የሚሠራ ሥራ ብቻ ከሆነ፥ ገንዘቡ ሲቋረጥ ጠባቂው ዱላውን ጥሎ ወደ ቤቱ ይገባል።

መንግሥትም ይህን የሰጪና የተቀባይ ነገር በሕግ ሊወስን ሞክሯል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከመቶ ዐሥር በላይ ከውጭ አገር የሚቀበለው ማኅበር በሰብአዊ መብት ሥራ እንዳይገባ ከለከለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1113 ግን ይህን ክልከላ አነሣ። ሕግ የገንዘቡን መጠን ሊቈጥር ይችላል፤ የማኅበሩን ልብ ግን ሊቈጥር አይችልም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። ማኅበሩን ያጸናው የስጦታው ብዛት አልነበረም፤ ከሰጪው በፊት የነበረ፥ ከሰጪውም በኋላ የሚኖር የራሱ ሕግ ነው። ሰጪ ይህን ሕግ ፈልጎ በእርሱ ላይ ቢያርፍ ስጦታው ሥር ይሰድዳል፤ ሕጉን ገፍቶ የራሱን ቢተክል ግን ሲሄድ ይዞት ይሄዳል። ተቀባይም አነሰም በዛም የራሱን መዋጮ አያቋርጥ፤ የሚያዋጣ ሰው ሒሳብ ይጠይቃል፥ ሒሳብ የሚጠይቅም ባለቤት ነውና። የጓሳ ሽማግሎች አምባውን ሲዘጉና ሲከፍቱ የማንንም ፈቃድ ከሩቅ አገር አልጠበቁም፤ ልጆቻቸውም ወዳጅን በደስታ እየተቀበሉ የመክፈቻውንና የመዝጊያውን ቀን ግን ራሳቸው ይወስኑ።