ዕቃውና ይዘቱ፦ የዲስክ ምስል ፋይል ታሪክና የባሌ የታሪክ ምንጮች



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ ትምህርት ክፍል እንግዳ ሊመስል ይችላል። የዲስክን ምስል ፋይል በዲስክ ላይ በርን ሳያደርጉ መጠቀም የኮምፒውተር ባለሙያዎች ጉዳይ ነው የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ጉዳዩ የእኛም ነው። የማማክራቸው ተማሪዎች በሮቤ፣ በጎባና በዙሪያቸው ባሉ ወረዳዎች ከሽማግሌዎች የሰበሰቡትን ቃለ መጠይቅ ለብዙ ዓመታት ከጥናታቸው ጋር በሲዲ ሲያስረክቡ ቆይተዋል። ዛሬ ሲዲው አለ፤ ማንበቢያው ግን ከአዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ጠፍቷል። ከተናጋሪዎቹም ብዙዎቹ በሕይወት የሉም።

ወደ መፍትሔው ከመግባታችን በፊት የዕቃውን ታሪክ እንመልከት። ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1982 በሶኒና በፊሊፕስ ለገበያ ሲቀርብ የሙዚቃ ዕቃ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ለኮምፒውተር መረጃ ሲውል ግን እያንዳንዱ አምራች ፋይሎችን በራሱ መንገድ ስለሚያደራጅ፣ አንዱ ያዘጋጀውን ዲስክ የሌላው መሣሪያ ማንበብ ተሳነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የኩባንያ ተወካዮች ተሰብስበው የጋራ ሥርዓት አረቀቁ፤ ረቂቁ ተሻሽሎ በ1988 አይኤስኦ 9660 በሚል ቁጥር ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። ዛሬ በፋይል ስም መጨረሻ የምናየው ‹አይኤስኦ› የሚለው ቅጥያ ከዚሁ የመጣ ነው።

ምስል ስንል ፎቶግራፍ ማለታችን አይደለም። የመረጃ ዲስክ እያንዳንዳቸው 2048 ባይት የተጠቃሚ መረጃ በሚይዙ ተከታታይ ክፍሎች የተከፈለ ነው። የዲስክ ምስል እነዚህን ክፍሎች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተላቸው ገልብጦ በአንድ ፋይል ያኖራል። ፋይሎቹን ብቻ ሳይሆን የዲስኩን ስም፣ የማኅደሮቹን አደረጃጀትና በዲስኩ የተመዘገቡትን ቀናት ጭምር ይይዛል። ለታሪክ ተመራማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሰነድ ከየት እንደመጣና በምን ቅደም ተከተል እንደተቀመጠ ካልታወቀ ምስክርነቱ ይጎድላል።

ምስሉ መጀመሪያ የታሰበው መልሶ በዲስክ ላይ ለመጻፍ ነበር። በኡቡንቱ ታሪክ ይህን በግልጽ እናያለን። ይህ ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ አዘጋጁ ድርጅት ካኖኒካል ሲዲዎችን ወደ መላው ዓለም በነፃ በፖስታ ይልክ ነበር፤ አገልግሎቱ የቆመው በ2011 ነው። ምክንያቱን በቀላል ስሌት መረዳት ይቻላል። 700 ሜጋባይት የሚሆን ምስል በሴኮንድ 56 ኪሎቢት በሚያስተላልፍ የስልክ መስመር ለማውረድ መስመሩ አንዴም ባይቋረጥ እንኳ ከ27 ሰዓት በላይ ይፈልጋል።  ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች ያዘጋጀው ቲል የተባለ የግብርና ቤተ መጻሕፍትም መጀመሪያ ከመቶ በላይ ሲዲዎች ላይ ነበር የተሠራጨው፤ በኋላ ግን በሃርድ ዲስክ ተጭኖ በተቋም ውስጥ መረብ የሚነበብ ሆነ። ዕቃው ተቀየረ፤ ጽሑፎቹ ግን መነበባቸውን ቀጠሉ።

እንግዲህ ዲስክ ሳይኖር ዲስክን ማንበብ እንዴት ይቻላል? ‹ማውንት› የሚለው ቃል የመጣው የኮምፒውተር ክፍል ሠራተኞች የቴፕ ጥቅልን ወይም የዲስክ ጥቅልን በእጃቸው አንሥተው ማንበቢያው ላይ ከሚሰቅሉበት ዘመን ነው። በኋላ ቃሉ በእጅ ሳይሆን በትእዛዝ ለሚደረገው ማያያዝ ዋለ። የሊኑክስ ሥርዓት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት አንሥቶ ተራ ፋይልን እንደ ዲስክ ቆጥሮ ማንበብ ችሏል። በዊንዶውስ ግን ይህን ለማድረግ ዴሞን ቱልስን የመሰሉ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ያስፈልጉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ወዲህ ይህም ቀርቷል። አይኤስኦ ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርጎ ‹ማውንት› የሚለውን መምረጥ ይበቃል፤ ሲዲ የገባ ይመስል አዲስ ድራይቭ ብቅ ይላል። የሚከፈተውም ለንባብ ብቻ ስለሆነ በዚያ መንገድ አንድም ፊደል አይለወጥም።

የድምፅ ሲዲ ግን የተለየ ነው። አደረጃጀቱ ከመረጃ ዲስክ ስለሚለይ በአይኤስኦ ምስል በትክክል አይያዝም። ቃለ መጠይቅ በሲዲ ማጫወቻ እንዲሰማ ተብሎ በድምፅ ሲዲ ከተቀዳ፣ ድምፁን ጥራቱ ሳይቀነስ ወደ ዌቭ ፋይል አውጥቶ ማስቀመጥ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ለታሪካችን አዲስ ነገር አይደለም። ቁም ጸሐፊ አንድን ብራና ሲገለብጥ አዲስ ብራና ይወልዳል፤ አዲሱ ብራና የራሱ ግድፈትና የራሱ ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ሲጀመር ሌላ መንገድ ተከፈተ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በአሜሪካ ሚኒሶታ ከሚገኘው ከሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት ጋር በሠራችው በዚህ ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ተነሡ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዝርዝራቸውን በማዘጋጀት ዕድሜያቸውን ሰጡ። ተመራማሪው መጽሐፉ ከቦታው ሳይነሣ፣ እንደገናም ሳይጻፍ፣ ምስሉን በማንበቢያ ላይ አድርጎ ያጠናዋል። ዲስክን መልሶ በርን ማድረግ እንደ ቁም ጸሐፊው ሥራ ነው፤ ማውንት ማድረግ ግን ማይክሮፊልም እንደ ማንበብ ነው።

ወደ ባሌ እንመለስ። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1970 የዘለቀውን የባሌ ገበሬዎች አመፅ የመንግሥት ወረቀት በመንግሥት ዓይን ይነግረናል። ዋቆ ጉቱን ተከትሎ የወጣው ሰው፣ ቤቷ የተቃጠለባት እናት፣ በጎባ የግዛቱ ጽሕፈት ቤት ደጅ የጠና ባለጉዳይ የሚናገሩት ግን በቃል ነው። በድሬ ሼክ ሁሴን ተጓዦች የሚያዜሙት ባህሮም እንዲሁ ከቃል ወደ ቃል የተላለፈ ሀብት ነው። እነዚህ የተቀረጹባቸው ሲዲዎች በቀለም ላይ በጨረር የተጻፉ ናቸው፤ ቀለሙ በፀሐይ፣ በሙቀትና በርጥበት ይጎዳል። ሲበላሹ ደግሞ አስቀድመው አያስጠነቅቁም።

ስለዚህ ሥራው ዛሬ መጀመር አለበት። በውጭ የሚገናኝ አንድ የዲስክ ማንበቢያ ይገኝ። ከእያንዳንዱ የመረጃ ዲስክ ምስል ይወሰድ። የምስሉ የአሻራ ቁጥር ይመዝገብ፤ ይህ ከፋይሉ በስሌት የሚወጣ ቁጥር ስለሆነ አንድ ፊደል ቢለወጥ ይለወጣል። ቅጂዎቹ በአንድ ክፍል አይከማቹ፤ አንዱ ሮቤ፣ አንዱ ጎባ፣ ሌላው ከዞኑ ውጭ ይቀመጥ። ዋናው ዲስክም ቢሆን አይጣል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ሲዲው በመሳቢያ ሳለ ማን እንደወሰደው በመዝገብ ይታወቅ ነበር፤ ፋይል ግን በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ማንም ሳያየው ይሄዳል። ስለ አመፁ የተናገረ ሽማግሌ የጎረቤቱን ስም ያነሣው ፊቱ ለተቀመጠው ተማሪ ብሎ ነው፤ የጎረቤቱ ልጆች ዛሬም እዚያው ቀበሌ ይኖራሉ። ምስሉን የሚከፍተው ማን እንደሆነ፣ በምን ፈቃድ እንደሚከፍተው ካልተወሰነ፣ ታሪክን አተረፍን ብለን ሰውን እንጎዳለን። የቴክኒክ ሥራው በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለመዳል፤ ይህኛው ግን የትምህርት ክፍሉን ጉባኤ፣ የቤተሰቦቹንም ምክር ይጠይቃል።