ትንሹ ሐዲድና የዓባይ በረሃ

የባቡር ሐዲድን አምሳያ በቤት ውስጥ መሥራት ለብዙዎች የልጆች ጨዋታ ብቻ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ የጀርመኑ ሜርክሊን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1891 በላይፕሲግ ትርዒት የሐዲድ ስፋቶችን በደረጃ መድቦ ካቀረበ ወዲህ ሥራው ልክና ሥርዓት የያዘ ሙያ ሆኗል። ዛሬ በጣም የተለመደው መጠን እውነተኛውን ባቡር 87 ጊዜ ያሳንሳል።

እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ መስመር 784 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በዚህ መጠን ቢሠራ 1 ሜትር የነበረው የሐዲዱ ስፋት ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ርዝመቱ ግን 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ሠሪው ርቀቱን ይቆርጣል። ዳገትን ግን እንዲሁ ሊቆርጥ አይችልም። አንዱን ሐዲድ ከሌላው በላይ በ10 ሴንቲ ሜትር ለማሳለፍ፣ ዳገቱ በመቶ 2 ከሆነ፣ 5 ሜትር መንደርደሪያ ያስፈልጋል። ዳገቱ ሲጠነክር ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል፤ ሎኮሞቲቩም ተጎታቾቹን መሳብ ያቅተዋል።

ሕጉ ለትልቁም ባቡር ያው ነው። ከጎሐ ጽዮንም ሆነ ከደጀን አፋፍ እስከ ዓባይ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። መኪና ይህን በጠመዝማዛ መንገድ ይወጣዋል፤ በመቶ 2 የሚወጣ ባቡር ግን በየወገኑ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ ይሻል። እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀው አዲሱ ድልድይ ወንዙን አሻገረ እንጂ ቁልቁለቱን አላስቀረም።

በመሆኑም ሐዲድ በዚህ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ይዘርጋ ቢባል ምርጫው ረጅም ዙር፣ ዋሻ ወይም እጅግ ከፍ ያለ ድልድይ ነው። የምርጫውን ክብደት አስቀድሞ በጠረጴዛ ላይ፣ በጥቂት እንጨትና በትንሽ ሐዲድ መመዘን ይቻላል።